ከውፍረት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ምን እንብላ፣ ምን እንግዛ? ጥቆማ ለዋሽንግተንና አካባቢዋ ነዋሪዎች

ስሊቭ (የጨጓራው አብዛኛው ክፍል ተቆርጦ የሚወጣበት) ወይም ባይፓስ (ጨጓራው ትንሽ ተደርጎ በቀጥታ ከአንጀት ጋር የሚገናኝበት) ቀዶ ሕክምና ለመሠራት ቀጠሮ የያዙ የአገሬ ሰዎች የሚጠይቁኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሆስፒታሉ የሰጠኝ ዝርዝር ላይ ያለው በሙሉ የፈረንጅ ምግብ ነው፣ እኔ ምን ልብላ?» እኔም ሜሪላንድ ውስጥ የተሠራሁ ነኝ፤ ስለዚህ ገዝቼ የሞከርኩትን፣ ከሥነ ምግብ ባለሙያዬ የተማርኩትንና ለማን ምን እንደሚሻል ያለኝን አስተያየት እዚህ ላስፍር። ከማንም ኩባንያ የሚከፈለኝ ነገር የለም። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራላችሁ ማዕከል የሰጣችሁ መመሪያ ከእኔ ጥቆማ ጋር ከተጋጨ የማዕከላችሁን ያዙ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የምትገዙትን ነገር ሁሉ በአንድ መለኪያ ብቻ መዝኑት፤ በፕሮቲኑ። አብዛኞቹ ማዕከላት በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ይጠይቃሉ፤ ሆድ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ማንኪያ ነው። እዚህ ላይ ነው የእኛ ቤት ችግር የሚጀምረው። ከሆስፒታል ለተመለሰ ሰው እናቶቻችን አጥሚት፣ ቡላ፣ በቅቤ የራሰ ገንፎ ያቀርባሉ። ፍቅራቸውን ማንም አይጠራጠርም። ነገር ግን ቡላ ከእንሰት የተጣራ ስታርች ነው፤ ፕሮቲን የለውም ማለት ይቻላል። አጥሚትም ቢሆን አብዛኛው ዱቄትና ስኳር ነው። ባይፓስ የተሠራ ሰው በስኳርና በቅቤ የበለጸገ ነገር ሲወስድ ምግቡ በፍጥነት ወደ አንጀት ስለሚወርድ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ሊያስከትልበት ይችላል። ስለዚህ ጠያቂዎቻችሁ «ምን ይዘን እንምጣ?» ሲሉ አታፍሩ፤ «ቅባት የሌለው የዶሮ ሾርባ» ብላችሁ ንገሯቸው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ብትናገሩ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ድስቱ ከተጣደ በኋላ እምቢ ማለት ከባድ ነው።

ደረጃዎቹን ባጭሩ፦ በመጀመሪያ ፈሳሽ ብቻ፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የተፈጨ፣ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ለስላሳ ምግብ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ወደ መደበኛ ምግብ።

ለፈሳሹ ወቅት

ፕሪሚየር ፕሮቲንና ፌርላይፍ ሁለቱም በአንድ እሽግ 30 ግራም ፕሮቲን የሚሰጡ መጠጦች አሏቸው፤ ኮስትኮና ትልልቅ መደብሮች ይሸጧቸዋል። ፕሪሚየር ብዙ ጊዜ በዋጋ ይቀላል፤ ጣፋጭነቱ ግን ለእኔ ከበደኝ። ፌርላይፍ ላክቶስ (የወተት ስኳር) የወጣለት በመሆኑ ወተት ሆዱን ለሚነፋው ሰው የተሻለ ነው። ከመካከላችን እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ከባይፓስ በኋላ ደግሞ ችግሩ ሊብስ ይችላል። ፌርላይፍ የሚሸጠው ተራ ወተትም በአንድ ኩባያ 13 ግራም ፕሮቲን አለው፤ የተለመደው ወተት 8 ግራም ነው። ሻይ በወተት ለለመደ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ምርጫዬ ፌርላይፍ ነው።

ጣፋጭ ለሰለቸው፣ ማለትም ለአብዛኞቻችን፣ አንጁሪ የሚባለው ድርጅት የዶሮ ሾርባ ጣዕም ያለው የፕሮቲን ዱቄት ይሸጣል፤ አንድ መስፈሪያው 21 ግራም ፕሮቲን ነው። አዘገጃጀቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፈላ ውሃ ከጨመራችሁበት ፕሮቲኑ ወዲያው ይቋጠርና ሊዋጥ የማይችል ጓጓላ ይሆናል። መጀመሪያ ዱቄቱን በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በሹካ ምቱት፤ እንደ ቀጭን ሊጥ ሲሆን ለብ ያለ ውሃ እያፈሰሳችሁ አማስሉት። ውሃው ጣት የሚችለው ሙቀት ይኑረው፤ ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ አይብለጥ። በመጨረሻ የኮረሪማ ዱቄት ቆንጠር አድርጋችሁ ብትበትኑበት ከሣጥን የወጣ መሆኑን ትረሱታላችሁ።

በዚህ ወቅት ከፕሮቲኑ በላይ የሚያስቸግረው ውሃ ነው። በቀን ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ያስፈልጋል፤ በአንድ ትንፋሽ መጠጣት ግን አይቻልም። ጠርሙሱ ከእጃችሁ አይለይ፤ ምግብ ከጀመራችሁ በኋላ ደግሞ ከበላችሁ እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ አትጠጡ።

ለተፈጨውና ለለስላሳው ወቅት

ሽሮ ከሁሉ በፊት የሚታወሰን ምግብ ነው፤ ይዘቱም ሆነ ልስላሴው ለዚህ ጊዜ ይስማማል። ነገር ግን ልኩን እወቁ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ ማለትም 20 ግራም የሽሮ ዱቄት፣ 4 ግራም ያህል ፕሮቲን ብቻ ነው ያለው። ቀጭን ሽሮ እየጠጡ «ፕሮቲን ወሰድኩ» ማለት አይቻልም። መፍትሔው ወፈር አድርጎ መሥራት፣ ከእሳት ካወረዱት በኋላም በረድ ሲል ጣዕም የሌለው የፕሮቲን ዱቄት መጨመር ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ከአሌክሳንድሪያ የሐበሻ መደብሮች ስትገዙ ነጭ ሽሮ ጠይቁ። በርበሬ የገባበት ምጥን ሽሮ ለገና ያላገገመ ሆድ ያቃጥላል፤ ከአገር ቤት የተላከላችሁን ለኋላ አቆዩት።

አይብ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሱፐር ማርኬት የሚገዛው ኮቴጅ ቺዝ ከእኛ አይብ ይሻላል። በጣዕም አላልኩም። የሐበሻ አይብ ብዙውን ጊዜ መለያ ጽሑፍ የለውም፣ ስንት ግራም ፕሮቲን እንደወሰዳችሁ አታውቁም፤ ፍርፍሩም ደረቅ ስለሆነ ጉሮሮ ላይ ይቆማል። ኮቴጅ ቺዝ በግማሽ ኩባያ ከ12 እስከ 14 ግራም ይሰጣል፤ በመፍጫ ቢመታ እንደ ክሬም ይለሰልሳል። የእኛ አይብ ካማራችሁ በግሪክ እርጎ አርሱት። የግሪክ እርጎ ራሱ፣ ስኳር ያልገባበት ከሆነ፣ በአንድ ትንሽ ዕቃ 15 ግራም ያህል ፕሮቲን ስላለው ከቀጭኑ እርጎ በእጅጉ ይበልጣል።

ለለስላሳው ወቅት ዓሣን የሚተካከል የለም። ዋሽንግተን ውስጥ በሜይን አቬኑ፣ ወንዙ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ከ1805 ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ ዓሣውን መርጣችሁ እዚያው ያጸዱላችኋል። አቅምና ጊዜ ከሌለ በበረዶ የታሸገው ቆሮሶ፣ እዚህ ቲላፒያ የሚሉት፣ ምንም አይወጣለትም። በአልጫ መልክ፣ በእርድና በዝንጅብል፣ መረቁን አብዝታችሁ ቀቅሉት። ጥብስ ግን ይቆይ፤ ደረቅ ሥጋ በዚህ ጊዜ ከሚያስመልሱት ነገሮች ዋነኛው ነው። ጥሬ ክትፎን ጭራሽ አታስቡት።

እንጀራን በተመለከተ አታስቸኩሉኝ። ለስላሳና የሚጣበቅ በመሆኑ ሆድ ውስጥ ቶሎ ቦታ ይይዛል፤ ፕሮቲኑ የሚገባበትን ስፍራ ይወስዳል። ማዕከላችሁ ሲፈቅድ፣ ወጡን ከበላችሁ በኋላ፣ መዳፍ በማታክል ቁራሽ ጀምሩ። ሌላው የማይነገር ጉዳይ መሶቡ ነው። ከአንድ ትሪ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። የራሳችሁ ትንሽ ሳህንና የሕፃን ማንኪያ ይኑራችሁ። ጉርሻ ደግሞ በሌላ ሰው እጅ ልክ የተዘጋጀ ነው፤ በደንብ ሳይታኘክ የሚዋጥ ትልቅ ጉርሻ ለሰዓታት ሊያሰቃይ ይችላል። «ሐኪም ከልክሎኛል» በሉ፤ በእኛ ማኅበረሰብ ይህን ቃል የማያከብር የለም።

ቫይታሚን

ሰው ሁሉ ገንዘብ ለመቆጠብ የሚሞክረው እዚህ ላይ ነው፤ እባካችሁ እዚህ ላይ አትቆጥቡ። ባሪያትሪክ አድቫንቴጅና ሴሌብሬት ለዚህ ቀዶ ሕክምና ታስበው የተዘጋጁ፣ የሚታኘኩ ቫይታሚኖች አሏቸው። እንደ ከረሜላ የሚለሰልሱት የልጆች ቫይታሚኖች በአብዛኛው ብረት ስለሌላቸው አይተኳቸውም። ካልሲየም ስትገዙ ሲትሬት የሚለውን ምረጡ፤ ካርቦኔት የሚባለው በደንብ ለመመጠጥ የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል፣ እናንተ ደግሞ አሲዳችሁ ቀንሷል። ለስሊቭም ለባይፓስም የሚመከረው በቀን ከ1200 እስከ 1500 ሚሊ ግራም ነው፤ ሰውነት በአንድ ጊዜ ብዙ ስለማይቀበል ከ500 እስከ 600 እየከፈላችሁ ውሰዱት።

ብረትንና ካልሲየምን አብራችሁ አትውሰዱ፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። የወር አበባ የምታይ ሴት በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልጋታል። ቡናና ሻይ ብረት እንዳይመጠጥ ስለሚያግዱ የብረቱን ሰዓት ከቡናው ሰዓት አርቁት፤ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት ይህ እውነተኛ ፈተና ነው። እኔ ብረቱን ማታ፣ ካልሲየሙን ቀን አደረግሁና ተገላገልኩ። ቢ12 በአፍ ወይም በመርፌ ይሰጣል፤ የትኛው እንደሚሻላችሁ የደም ምርመራው ይወስን።

አገልግሎቶች

ሐኪም ስትመርጡ ማዕከሉ ኤምቢኤስኤኪውአይፒ የተባለው የጥራት ዕውቅና እንዳለው ጠይቁ። ከዚያ በላይ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሥነ ምግብ ባለሙያ እስከ መቼ ታገናኙኛላችሁ?» መልሱ ድፍን ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ወደ ቱርክ ወይም ወደ ሜክሲኮ ሄዶ በርካሽ መሠራትን ለሚያስቡ፣ ቀዶ ሕክምናው በደህና ሊያልቅ ይችላል፤ የሚያሳስበኝ ከተመለሳችሁ በኋላ ያለው ዓመት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት እዚህ የሚከታተላችሁና የደም ምርመራ የሚያዝላችሁ ሐኪም በስም ይኑራችሁ።

አስተርጓሚ መብታችሁ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ «አማርኛ» ብላችሁ ቀጠሮ ስትይዙ አስመዝግቡ። እንግሊዝኛ ለገበያ ይበቃኛል የምትሉ እንኳ ጠይቁ። ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእናቱን የአንጀት ነገር እንዲያስረዳ ማድረግ ለልጁም ለሕክምናውም አይበጅም። የቴሌግራም ቡድኖች ለማበረታቻ ግሩም ናቸው፤ የመድኃኒት መጠን ግን ከእነርሱ አትውሰዱ።

ከተጠየቁት ጥቂቶቹ

«ጾም ሳልጾም መክረም አልችልም፤ ምን ላድርግ እህቴ?»
እህቴ፣ መጀመሪያ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ታዝናለች። በመጀመሪያዎቹ ወራት እህልም ውሃም ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል አደገኛ ነው፤ ሰውነትሽ ውሃ ያጥረዋል። በኋላ በጾም ጊዜ የአተር ወይም የአኩሪ አተር ፕሮቲን ዱቄት፣ የአኩሪ አተር ወተት፣ ቶፉ በአልጫ እና ምስር ይረዱሻል።

«ጸበል መጠጣት እችላለሁ?»
አባቴ፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ መጎንጨት ይችላሉ። ብዙ ሊትር ጠጥቶ ማስመለስን ግን ይተዉት፤ ገና ያልዳነ የስፌት መስመር ላይ ከባድ ጫና ይፈጥራል።

«ራስ ምታት ሲይዘኝ አድቪል እወስዳለሁ፤ ችግር አለው?»
አዎ፣ አለው። አድቪል፣ ሞትሪን፣ አሊቭ፣ ከአገር ቤት የሚመጣው ዲክሎፌናክም ጭምር ጨጓራን ያቆስላሉ፤ በተለይ ባይፓስ ከሆንክ አትንካቸው። ታይለኖል በተፈቀደው መጠን ይሻላል፤ የትኛውንም ከሐኪምህ ጋር ተነጋገርበት።

«ባለቤቴ ከተሠራች ወዲህ ለቀናት ያስመልሳታል፤ ይለመዳል ይሉኛል።»
ወንድሜ፣ ይህን አትጠብቅበት፤ ዛሬውኑ ለማዕከሉ ደውል። ማስመለስ ለቀናት ሲቀጥል ቫይታሚን ቢ1 ያልቃል፤ ከዘገየ አንጎልንና ነርቭን ይጎዳል። የዓይን ብዥታ፣ የእግር መንገዳገድ ወይም ግራ መጋባት ካየህባት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳትና ቀዶ ሕክምና መሠራቷን አስቀድመህ ተናገር። ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ እግር እብጠት ካለም እንዲሁ።

«ፀጉሬ እየረገፈ ነው። ባዮቲን ልግዛ?»
ከሦስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ የሚረግፈው ፀጉር በአብዛኛው ሰውነት በፍጥነት ከመቀነሱ የመጣ ነው፤ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል። ባዮቲን ከሚባለው ቫይታሚን በፊት በቀን የምትወስጂውን ፕሮቲን ደምሪ፤ ከዚያ ፌሪቲን (ሰውነት ያከማቸው ብረት መለኪያ) እና ዚንክ እንዲመረመርልሽ ጠይቂ። ባዮቲን የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ለምርመራ ደም ከመስጠትሽ በፊት ለሐኪምሽ ንገሪ፤ የታይሮይድንና የልብን አንዳንድ ምርመራዎች ውጤት ያዛባል።