ለአባቴ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ላወጣ ነው፤ የማንን ስልክ ላስመዝግብ? ኮፒ ቤቱስ ኮዱን ለምን ፈለገው?

የአዘዞዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ከቆላድባ ለሕክምና መጥተው እኔ ጋ ናቸው። ባንካቸው ሂሳቡን ከፋይዳ ጋር አገናኙ ስላላቸው፣ ጎንደር እያሉ ላስመዘግባቸው ነው። ግን የራሳቸው ስልክ የላቸውም፤ የእኔን ላስመዝግብ ወይስ የወንድሜን? ጣታቸውም በእርሻ አልቋል፤ አሻራው እምቢ ቢልስ? ደግሞ ፒያሳ አንድ ኮፒ ቤት የካርድ ማተሚያ ዋጋ ስጠይቅ «ቁጥሩንና ስልክ ላይ የሚመጣውን ኮድ በቴሌግራም ላኪልኝ፣ ሌላውን እኔ እጨርሰዋለሁ» አለኝ። ነገሩ አላማረኝም። አባቴ ደግሞ «አሻራዬንና ዓይኔን ወስደው ምን ሊያደርጉበት ነው?» ይላሉ። መልስ አጣሁላቸው።

ማራኪ፦ እህቴ፣ ኮዱን እንዳትልኪ! ያ ኮድ አባትሽ ወረቀት ላይ እንደሚያኖሩት ፊርማ ነው። ልጁ የፈለገው የመታወቂያውን ፒዲኤፍ ለማውረድ ይሆናል፤ ግን ያው ዓይነት ኮድ ነው ሌላም ቦታ «አዎ፣ እኔ ነኝ» የሚያሰኘው። ራስሽ አውርጂና በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ። ሲያትም አጠገቡ ቁሚ፣ ሲጨርስ ከኮምፒውተሩ ያጥፋው። ይከፋዋል ብለሽ አትፈሪ፤ ኮፒ ቤት እንደሆነ ሞልቷል።

መስኮት 4፦ ባንክ ነው የምሠራው። ስለ ስልኩ ልንገርሽ፣ በየቀኑ የማየው ጣጣ ይኸው ነው። ሽማግሌው መስኮት ላይ ቆመዋል፣ ኮዱ መተማ ላለ ልጃቸው ስልክ ይሄዳል፣ ልጁ አያነሳም። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሲም ካርዱ ከወንድም ወደ ወንድም፣ ከዚያም ወደ ማያውቁት ሰው ሲዞር ነው። ስልኩን የያዘ ሰው የአባትሽን ማንነት የማረጋገጫ ቁልፍ ያዘ ማለት ነው። ስለዚህ ቢቻል በስማቸው የወጣ ሲም ይኑራቸው፤ ኮዱ በኤስኤምኤስ ስለሚመጣ ተራ ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃል። ካልተቻለ አብሯቸው የሚኖረው ልጅ ስልክ ይሁን፣ ገንዘብ ያለውን ወይም የተማረውን አትምረጪ። ሌላም አለ፦ ባለ 12 አሃዙ ዋናው ልዩ ቁጥራቸው ነው፣ ለማንም አትበትኑት። ለአገልግሎት ቁጥር ስትጠየቂ ተለዋጩን ባለ 16 አሃዝ ስጪ።

የሕግ ተማሪ፦ ለአባታችን እንዲህ በያቸው፦ የሚወሰደው የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለቱ ዓይን አይሪስ (በብሌኑ ዙሪያ ያለው ባለ ቀለም ክፍል) እና የፊት ፎቶ ነው። ከዚያ ስም፣ ጾታ፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ ዜግነት። ብሔርና ሃይማኖት አይጠየቁም። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፍ እንደነበር እሳቸው ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ጣታቸው ቢያልቅም ዓይንና ፊት ስላለ አትጨነቂ፤ ለመዝጋቢው ግን ቀድመሽ ንገሪው። ሕግም አለው፦ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። ሁለተኛው ስለ ራስህ የተያዘውን መረጃ የማየትና የማስተካከል መብት ይሰጣል።

ጠርጣሪው፦ አባትሽ የጠየቁት ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ በሁለት አዋጅ ቁጥር አትሸኟቸው። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፣ ዓይን በምን ይቀየራል? ባንኩ ያለ ፋይዳ አላስተናግድም ካለስ ፈቃድ የሚባለው ምኑ ላይ ነው? የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 2018 አድሃር የተባለውን መታወቂያቸውን ቢያጸናም፣ ከባንክ ሂሳብና ከስልክ ጋር በግድ ማያያዝን ሽሯል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2021 ሁዱማ ናምባ የተባለውን የአገሪቱን ዲጂታል መታወቂያ ያገደው ለግል መረጃ የሚያመጣው አደጋ አስቀድሞ ስላልተጠና ነው። እኛ ጋ ጥበቃውን የሚቆጣጠረው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ እሱም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው።

የሕግ ተማሪ፦ ወንድሜ፣ የተቆጣጣሪው ነገር ላይ እስማማለሁ። ግን እሳቸው ነገ ብራቸውን ማውጣት አለባቸው፤ ክርክሩን እኛ እንያዘው።

ጠርጣሪው፦ አይመዝገቡ አላልኩም። እያወቁ ይመዝገቡ ነው ያልኩት። ፎቶ ኮፒውንም አከራይ በጠየቀ ቁጥር አታድይ። አሳይተሽ መመለስ እያለ ለምን ትተይለታለሽ? የግድ ካለም ኮፒው ላይ «ለቤት ኪራይ ብቻ» ብለሽ ቀኑን ጻፊበት።

የአዘዞዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ስልክ እገዛላቸዋለሁ። አንድ የቀረኝ፦ የባንክ ደብተራቸው ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ስም አጻጻፍ ከቀበሌው ይለያል። የቱን ላስጽፍ?

መስኮት 4፦ ደብተሩንም የቀበሌውንም ይዘሽ ሂጂ፣ ከተቻለ ከባንኩ ጋር አንድ እንዲሆን አስጽፊ። መዝጋቢው ከመጨረሱ በፊት ስክሪኑን አሳየኝ በይውና ስሙን ፊደል በፊደል፣ የልደት ዓመቱንም በኢትዮጵያ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር አይተሽ አረጋግጪ። በኋላ ማስተካከል ሌላ ሰልፍ ነው።