10 ሜጋ ፋይበር፣ መኝታ ቤት ግን 1 አይሞላም፤ መስመሩ ነው ወይስ ዋይፋዩ?

ጠባሴ

ጤና ይስጥልኝ። ቤቱ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው። የፋይበር መስመር አለን፣ ፓኬጁ 10 ሜጋ። ራውተሩ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጧል። ሳሎን ውስጥ በስልክ ሲለካ 8 ወይም 9 ያሳያል፤ መኝታ ቤትና ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ግን ከ1 አያልፍም። በላፕቶፕ ፋይል ሲወርድ ሳሎን ውስጥም ሆኖ የሚያሳየው 1.1 ብቻ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሳሎንም ቢሆን የቪዲዮ ጥሪ ይቆራረጣል። ቤቱ የጭቃ ነው፣ በሲሚንቶ የተለሰነ። ራውተር ልቀይር፣ ፓኬጅ ላሳድግ ወይስ ዋይፋዩን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ኤክስቴንደር ልግዛ? የምታውቁ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ንገሩኝ።

ሽቦና ፋይበር

ወንድሜ፣ ገና ምንም አትግዛ። የዘረዘርከው ሦስት የተለያየ ነገር ነው፣ አንዱ ደግሞ ጭራሽ ችግር አይደለም።

1.1 የሚለው ትክክል ነው። ፓኬጅ የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው፣ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው በሜጋ ባይት። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ 10 ለ8 ሲካፈል 1.25 ይመጣል፤ መረጃው በየጥቅሉ ለሚይዘው አድራሻና ቁጥጥር የሚሄደው ሲቀነስ ከ1.1 እስከ 1.2 ይቀራል። በዚህ ፍጥነት 1 ጊጋ ባይት ፋይል ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማለትም መስመርህ የከፈልክበትን እየሰጠህ ነው።

የቀሩትን ሁለቱን ለመለየት መንገዱን ለሁለት ክፈለው፤ ከመሣሪያህ እስከ ራውተሩ፣ ከራውተሩ እስከ ውጭ። መጀመሪያ ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰካ፣ የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፋ፣ የቤቱ ስልኮች በሙሉ ከዋይፋይ ይውጡ። ጠዋት አንዴ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አንዴ ለካ። ሁለቱም ጊዜ ከ9 በላይ ካሳየ መስመሩ ደህና ነው።

ከዚያ ኬብሉን ንቀልና መኝታ ቤት ገብተህ ሁለት የፒንግ (ትንሽ ጥያቄ ልኮ መልሱ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ ትእዛዝ) መስኮት ክፈት፤ አንዱ ወደ ራውተሩ አድራሻ (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ከሥሩ ተለጥፏል)፣ ሁለተኛው ወደ 8.8.8.8 (ውጭ ያለ የጉግል አድራሻ ነው)። የራውተሩ መልስ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በታች መሆን አለበት። እሱ ራሱ ወደ 100ና 300 የሚዘል ከሆነ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፤ ፓኬጁን 50 ብታደርገውም ለውጥ አታይም። የራውተሩ ረግቶ የውጭው ብቻ ከዘለለ፣ ወይ የውጭው መስመር ተጨናንቋል ወይ ከቤተሰቡ አንዱ መስመሩን ሞልቶታል።

በኬብልም ዝቅ ካለ ፋይበሩን እይ። ከቴሌቪዥን ማስቀመጫ ጀርባ ያለ ገመድ ብዙ ጊዜ ተጣጥፎ ይገኛል። ከ3 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ራዲየስ ከታጠፈ ብርሃኑ በማጠፊያው በኩል ይባክናል። የሞደሙ (ፋይበሩ የሚሰካበት ሣጥን) ገጽ የሚደርሰውን ብርሃን በዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ) ያሳያል፤ ከ-15 እስከ -25 ድረስ ጥሩ ነው፣ ከ-27 ከወረደ ለአገልግሎት ሰጪው ብልሽት አስመዝግብ። የፋይበሩን ጫፍ በጣት አትንካ፣ በዓይንህም አትመልከተው፤ ጨረሩ አይታይም፣ ዓይን ግን ይጎዳል።

መንዜው

ኬብሉ 9 እንደሚሰጥህ እገምታለሁ፤ ስለ ግድግዳው ልጨምር። ጭቃ ብቻውን ያን ያህል አይከፋም። ነገር ግን ልስኑ እንዳይላቀቅ የዶሮ ሽቦ ተወጥሮበት ከሆነ ክፍሎቹ ሁሉ የብረት መረብ ለብሰዋል ማለት ነው። ዋይፋይ በዚያ ውስጥ በጣም ተዳክሞ ነው የሚያልፈው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳም እንዲሁ። ሲግናሉ በአብዛኛው የሚወጣው በበርና በመስኮት ስለሆነ የራውተሩ ቦታ ወሳኝ ነው።

ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጣው። የመኝታ ቤቱን በር በቀጥታ የሚያይ ቦታ ላይ፣ ከወለል 1.5 ሜትር ያህል ከፍ አድርገህ አስቀምጠው። ከፍሪጅና ከብረት ቁም ሳጥን አርቀው። ሲግናሉን በዋይፋይ መመርመሪያ መተግበሪያ ለካ፤ -50 በጣም ጥሩ፣ -67 ለቪዲዮ የሚበቃ፣ ከ-80 በታች ባይኖር የሚሻል ነው።

ቀጥሎ አድራሻውን በብራውዘር ጽፈህ ወደ ራውተሩ ገጽ ግባ። 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ቻናሉን ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 አንዱን አድርገው፤ ሌሎቹ በሁለት ጎረቤት ቻናል ላይ ተደርበው ይረብሻሉ። ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ ላይ ተወው። ደኅንነቱ (ምስጠራው) በአሮጌው ቲኪፕ (TKIP) ላይ ከሆነ ወደ ኤኢኤስ (AES) ቀይረው፣ ቲኪፕ ዋይፋዩን 54 ሜጋ ላይ ያስረዋል። 5 ጊጋኸርዝ ለሳሎን ጥሩ ነው፣ ግድግዳ ግን ከ2.4 ባነሰ ነው የሚያልፈው።

ጠባሴ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በኬብል ጠዋት 9.6፣ ማታ 9.4። ከመኝታ ቤት የራውተሩ ፒንግ እስከ 250 ይዘላል፤ ግድግዳው እውነትም የዶሮ ሽቦ አለው። ማታ ሁሉም ስልኮች ሲገናኙ ግን፣ በኬብል ተሰክቶም፣ የራውተሩ 1 ሆኖ የ8.8.8.8 ወደ 900 ይወጣል።

ሽቦና ፋይበር

እንግዲህ ተለየ። ፓኬጅ አታሳድግ።

የማታው ነገር አፕሎድ ነው። ስልኮች ዋይፋይ ሲያገኙ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ወደ ደመና (ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማከማቻ) ይጭናሉ። አፕሎዱ ሲሞላ ራውተሩ ጥቅሎቹን ያሰልፋል፤ የቪዲዮ ጥሪህ የሚልከው ድምፅ ከሰልፉ ጀርባ ይቆማል፣ ዳውንሎዱም የማረጋገጫ መልሱ ስለሚዘገይ ይንቀራፈፋል። መፍትሔው ራውተሩ ላይ ኪውኦኤስ (QoS) ወይም የባንድዊድዝ ቁጥጥር ከሚለው ገብቶ አጠቃላዩን አፕሎድ ከለካኸው 85 በመቶ ላይ መገደብ ነው። አፕሎድህ 9 ሜጋ ከሆነ 7,600 ኪሎ ቢት አስገባ። ወደ 100 በመቶ ብታስጠጋው ሰልፉ ተመልሶ ይሠራል። ራውተሩ ይህ ከሌለው የስልኮቹን የፎቶ መጠባበቂያ (ባክአፕ) ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሆን ብቻ እንዲሠራ አስተካክልና ማታ ስትተኙ ሰኩ።

ለመኝታ ቤቱ ኬብል ዘርጋና አሮጌ ራውተር ካለህ አክሰስ ፖይንት (በኬብል የመጣውን በዋይፋይ የሚያሰራጭ) አድርገው። አድራሻውን 192.168.1.2 አድርግ፣ ዲኤችሲፒውን (DHCP፣ ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለውን) አጥፋ፣ ኬብሉን ከላን (LAN) ቀዳዳ ወደ ላን ቀዳዳ ሰካ፤ ዋን (WAN) የሚለውን አትንካ። ዲኤችሲፒው ሳይጠፋ ከቀረ ሁለቱም አድራሻ ያድላሉ፣ አንዳንዱ ስልክ «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» እያለ ያስቸግርሃል። ስምና ፓስወርዱ አንድ ይሁን፣ ቻናሉ ግን የሳሎኑ 1 ከሆነ የዚህኛው 11።

ኬብሉ ካት 5ኢ ይሁን። ስትገዛ የውስጡን ሽቦ በምላጭ ፋቀው፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ማጠፊያው ላይ ይሰበራል። ጃኩን ስታስር ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይያዝ፤ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በኮርኒስ ስታሳልፈው ከመብራት ገመድ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።

መንዜው

ኬብል ይሻላል፤ ኤክስቴንደርንም ግን አታጣጥሉት። ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሳል የሚባለው እውነት ነው፣ በአንድ ቻናል ተቀብሎ በዚያው ስለሚልክ። ነገር ግን ዋይፋዩ 40 ሜጋ ቢሆን ግማሹ 20 ነው፣ መስመሩ ደግሞ 10። ሰው የሚሳሳተው ቦታው ላይ ነው፤ ሲግናል በሌለበት መኝታ ቤት ውስጥ ይሰካዋል። መሰካት ያለበት ገና -65 በሚያሳይበት ኮሪደር ላይ ነው።

ለሰርቪስ ቤቱ አንድ ማስጠንቀቂያ። በጓሮ በአየር ላይ የሚወጠር የመዳብ ኬብል በደጋው ክረምት ያስፈራል፤ መብረቅ በቅርብ ሲወድቅ የሚነሳው ኃይል በሁለቱም ጫፍ ያለውን ራውተር ሊያቃጥል ይችላል። በፕላስቲክ ቱቦ አድርገህ ቅበረው፣ ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ከሁለቱም ጫፍ ንቀለው።

ከደብረ ሲና

ጋሼ፣ ፋይበር ለሌለንስ? የ4ጂ ራውተር ነው ያለን፤ አራት መስመር ሲግናል ያሳያል፣ ፍጥነቱ ግን ይወርዳል ይወጣል።

መንዜው

መስመሩን አትቁጠር፣ የራውተሩን ገጽ ክፈትና ሁለት ቁጥር እይ። አርኤስአርፒ (RSRP) የሲግናሉ ጉልበት ነው፤ ከ-90 የተሻለ ጥሩ፣ ከ-110 የወረደ ደካማ። ሲንር (SINR) ጥራቱ ነው፤ ከ20 በላይ እጅግ ጥሩ፣ ከ0 በታች የማይረባ። ደብረ ሲና ጣርማ በር ገደል ሥር ስላለ ሞገዱ ከተራራው ተንጸባርቆም ሊመጣ ይችላል፤ ጉልበት ኖሮት ጥራት የሚያጣው አንዳንዴ ለዚህ ነው። ራውተሩን ከቆርቆሮው በታች መስኮት ላይ አድርገህ በጥቂት በጥቂቱ አዙረው፣ በየማዞሩ አንድ ደቂቃ ጠብቅ፣ ሲንሩ ከፍ ያለበት ላይ ተወው። ከሁለት መስኮት አንዱ ከሌላው በብዙ ሊበልጥ ይችላል። የውጭ አንቴና ከገዛህ ኬብሉ አጭር ይሁን፤ ረጅም ኬብል አንቴናው ያመጣውን መልሶ ይበላዋል።

ሲንሩ ጥሩ ሆኖ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ፈጥኖ ምሽት ላይ የሚወርድ ከሆነ ግን ከኔትወርክ ማማው ጋር የተገናኘው ሰው በዝቷል። ያን አንቴና አያስተካክለውም፤ ያለው አማራጭ በራውተሩ ገጽ ሌላ ባንድ (የሞገድ ክልል) መርጦ መሞከር፣ ከባድ ፋይሉን ደግሞ ለሌሊት ማቆየት ነው።