ከአንገቱ ውስጥ «በኢትዮጵያ የተሠራ» የሚል ሸሚዝ

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)
ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ በ15 ዶላር የገዛሁትን ሸሚዝ ሰሞኑን ስተኩስ፣ ከአንገቱ ውስጥ በኢትዮጵያ እንደተሠራ የሚገልጽ ጽሑፍ አየሁ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ከ15 ዶላሩ ላይ የጨርቁ፣ የማጓጓዣውና የመደብሩ ድርሻ ከተነሣ በኋላ ለሰፋችው ልጅ ምን ይተርፋታል? እንዲህ ያለውን ልብስ መግዛት ብናቆም ይሻላል? የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ 1
በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በተመለከተ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት በግንቦት 2011 ዓ.ም. ጥናት አውጥቶ ነበር። በጥናቱ መሠረት የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ሲሆን፣ በባንግላዴሽ 95፣ በኬንያ ደግሞ 207 ዶላር ነበር። በግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል ስላልነበረ፣ የጉልበቱ ርካሽነት ራሱ ለባለሀብቶች እንደ መሳቢያ ይቀርብ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ ድንጋጌው በወቅቱ የማንንም ደመወዝ አልጨመረም።

መልስ 2
እኔ በአንድ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይን ላይ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የፋብሪካውን ስም አልጠራም። ሸሚዝ ሰፍቼ አላውቅም ብል ይቀለኛል፤ ሥራዬ እጅጌ መግጠም ነበር፣ ያውም የግራውን ብቻ። ከስፌት ላይኑ ጫፍ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ ሱፐርቫይዘሯ የየሰዓቱን ታርጌትና የወጣውን ቁጥር ጎን ለጎን ትጽፋለች፤ ቁጥሩ ካነሰ ለሽንት መነሣትም ያሳፍራል። መነሻ ደመወዜ 750 ብር ሲሆን፣ ታምሜ አንድ ቀን በቀረሁበት ወር ያልቀረ ሠራተኛ የሚያገኘው ጉርሻ ሙሉ በሙሉ ተቆርጦብኛል። አንድ ክፍል ለአራት ተከራይተን በሁለት ፍራሽ እንተኛ ነበር። ከወላይታ ስወጣ ለእናቴ ብር እልካለሁ ብዬ ነበር፤ የሆነው ግን እናቴ በየወሩ የበቆሎ ዱቄትና ቆጮ በአውቶቡስ ትልክልኝ ነበር። የእርስዎ ሸሚዝ በ15 ዶላር የተሸጠው እንዲህ ባለ ዱቄት ጭምር ተደጉሞ ይመስለኛል።

መልስ 3
የእኅታችን ነገር ልብ ይነካል፤ ሆኖም መግዛት ማቆሙን እኔ አልደግፍም። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ ከሚፈቅደው ሕግ) ለማስወጣት ስትወስን፣ የሐዋሳው ፓርክ ዋነኛ ተከራይ የነበረው ፒቪኤች የተባለ የአሜሪካ ልብስ ድርጅት ገና እርምጃው ሳይጸና፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ልብሱን የሚገዛው ድርጅት ሌላ አገር ይሄዳል፤ የቤት ኪራዩ ግን ከሠራተኛዋ ጋር ይቀራል። ከማቆሙ ይልቅ ድርጅቶቹን መወትወት ይሻላል። በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ ግድግዳው መሰንጠቁ በዋዜማው ታይቶ ነበር፤ በሕንፃው ውስጥ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ሲያሰናብት፣ የስፌት ፋብሪካዎቹ ግን በማግሥቱ ሠራተኞቻቸውን አስገቡ። ከዚያ በኋላ በርካታ ልብስ ገዢ የአውሮፓ ድርጅቶች ለሕንፃና ለእሳት አደጋ ደኅንነት የሚያስገድድ ስምምነት የፈረሙት፣ ደንበኞቻቸውና የሠራተኛ ማኅበራት ስለወተወቷቸው ነው።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኅቴ፣ ለሻጩ ድርጅት ልጽፍ አስቤያለሁ፤ ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ 2
በቅጥር ውሉ ላይ የተጻፈው መነሻ ደመወዝ ስንት እንደሆነ ይጠይቁልኝ። ከጉርሻና ከትርፍ ሰዓት ጋር ተደምሮ የሚነግሩዎትን ቁጥር ግን አይቀበሉ።