በሙስና የተጠረጠረን ሠራተኛ በግዴታ ጡረታ ማስወጣት ይቻላል ወይ?

ጥያቄ፦ ማህደር

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ስብሰባ ኃላፊያችን የሦስት ሠራተኞችን ስም አነሱ። "እጅ መንሻ ካልተሰጣቸው ፋይል አያንቀሳቅሱም" እየተባሉ ሁሌ ይታማሉ። ሦስቱም ከ50 ዓመት በላይ ናቸው። ኃላፊው "በዲሲፕሊን ክስ ዓመት ሙሉ ከምንጓተት ጡረታ እናውጣቸውና እንገላገል። ሕንድ አድርጋዋለች፣ እኛን ምን ያግደናል?" አሉ። የውሳኔ ሐሳቡን ጽፌ እንዳቀርብ የታዘዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ። እጄ ላይ ያለው የስልክ ጥቆማና ጸሐፊው ያልታወቀ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። እንዲህ ማድረግ ይቻላል? ካልተቻለስ ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ ጡረተኛው ኦዲተር

ልጄ፣ በዚህ ማስረጃ ፊርማሽን እንዳታስቀምጪ። ነገ ሰዎቹ አቤት ሲሉ ኃላፊው "ባለሙያዋ ናት ያቀረበችልኝ" ይላል። በሥራ ዘመኔ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

በእኛ አገር የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው። ከዚያ በፊት ጡረታ የሚወጣበት መንገድ አለ፤ ግን በጤና ምክንያት ካልሆነ ሠራተኛው ራሱ ፈልጎ ሲጠይቅ ነው። ማመልከቻውን መሥሪያ ቤቱ አይጽፍለትም። "ጠርጥረንሃልና ጡረታ ውጣ" የሚል ደብዳቤ ስሙ ጡረታ ይሁን እንጂ ሥራው ስንብት ነው።

መልስ፦ ሕግ አዋቂው

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ የሕንዱን ነገር ላብራራ፤ ኃላፊሽ ግማሹን ብቻ የሰሙ ይመስለኛል።

ሕንድ ውስጥ "መሠረታዊ ደንብ 56(ጄ)" የሚባል አለ። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል 50 ወይም 55 ዓመት የሞላውን ሠራተኛ ከመደበኛው ጊዜ ቀድሞ ጡረታ ማውጣት ይችላል። ዕድሜው እንደ ሠራተኛው ደረጃና እንደተቀጠረበት ዕድሜ ይለያያል። የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ወይም በምትኩ የሦስት ወር ደሞዙ ይከፈለዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ሰኔ ላይ መጀመሪያ 12 የገቢ ግብር ባለሥልጣናት፣ ቀጥሎም 15 የጉምሩክና የኤክሳይስ ባለሥልጣናት በዚሁ ደንብ ወጥተዋል። ዜናው ያኔ ብዙ ተወርቶለታል።

ግን ሁለት ነገር አስተውዪ። አንደኛ፣ ደንቡ እዚያ አገር የቆየ ሕግ ነው። አንድ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ያፈለቀው ሐሳብ አይደለም። ሁለተኛ፣ የሚታየው የሠራተኛው ሙሉ የአገልግሎት ማህደር ነው፦ የየዓመቱ የሥራ አፈጻጸሙ፣ ስለ ታማኝነቱ የተጻፈው ሁሉ። ገምጋሚ ኮሚቴ አለ፤ የወጣውም ሰው በሦስት ሳምንት ውስጥ አቤቱታ ያቀርባል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 እ.ኤ.አ. እርምጃው ቅጣት አይደለም ብሏል። ስለዚህ ጡረታው አይቀርበትም። ያው ፍርድ ቤት ግን እርምጃው በክፋት፣ ያለ ምንም ማስረጃ ወይም በዘፈቀደ ከተወሰደ እንደሚሽረው አስቀምጧል። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ ምርመራ ማድረግ ሲገባ ምርመራውን ለመሸሽ አቋራጭ ተደርጎ መወሰድ የለበትም አለ። ኃላፊሽ "በዲሲፕሊን ክስ ዓመት ሙሉ ከምንጓተት" ያሉት ይህንኑ አይደል? እንግዲህ ሕንድ ቢሆኑም አያዋጣቸውም ነበር።

መልስ፦ የመስኮቱ ሰው

እኔ ግን ኃላፊውን አልፈርድባቸውም። ተገልጋይ ነኝ። ጉቦ በደረሰኝ አይሰጥ! ማስረጃ እየተባለ ስንት ሌባ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ጡረታ ቢወጡ ማን ተጎዳ?

መልስ፦ ሕግ አዋቂው

ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን ጥርጣሬ ብቻውን ያባረረበትን ጊዜ እኛም አይተናል። የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሠራተኞች አስተዳደር ደንብ ቁጥር 155/2000፣ አንቀጽ 37፣ ዋና ዳይሬክተሩ በሙስና የጠረጠረውንና እምነት ያጣበትን ሠራተኛ መደበኛውን የዲሲፕሊን ሥርዓት ሳይከተል እንዲያሰናብት ፈቅዶ ነበር። ሰውየው በየትኛውም የፍርድ አካል ውሳኔ ወደ ሥራው እንዳይመለስም ይከለክል ነበር። የሚገርመው፣ በሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 37 ማንም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት አለው የሚለው ነው። ሁለቱ 37ቶች ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ሕገ መንግሥታዊነቱን በተመለከተ ክርክር ያስነሳውም ለዚህ ነው።

ደግሞም ማን ተጎዳ ላልከው፣ አንተው ነህ የተጎዳኸው። በእርግጥ ሌባ ከሆኑ የበሉትን ይዘው በክብር ተሸኙ ማለት ነው። ካልሆኑ ደግሞ ንጹህ ሰው ስሙ ጠፋ። በሁለቱም መንገድ እውነቱ አይወጣም።

መልስ፦ የመስኮቱ ሰው

የበሉትን ይዘው መሸኘታቸውን አላሰብኩትም ነበር። ይሁን፤ ግን እስከዚያው እዚያው መስኮት ላይ ይቀመጡ?

መልስ፦ ጡረተኛው ኦዲተር

አይቀመጡም። ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ልጄ፣ የውሳኔ ሐሳብሽ ላይ ይህን አስገቢ። ማስረጃ ያጠፋሉ ወይም ምርመራውን ያሰናክላሉ ተብሎ የሚታመን ከሆነ ሠራተኛን ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ ማገድ በሕግ አለ። እግዱ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ይሰጥ። እግድ ቅጣት አይደለም፣ መጨረሻው ይታወቅ።

ከዚያ ጥቆማውን ወደ ማስረጃ የመለወጥ ሥራ ነው። ስም የለሽ ደብዳቤ ለመነሻ እንጂ ለውሳኔ አይሆንም። እኔ ብሆን ፋይሎቹን አወጣለሁ። ተመሳሳይ ጉዳይ የአንዱ በሁለት ቀን አልቆ የሌላው ወራት የቆየው ለምንድን ነው? ተራ የዘለለው ማን ነው? ማን ፈረመለት? የመዝገብ ቁጥርና ቀን አይዋሽም። ጉቦ ደረሰኝ የለውም፣ መጓተቱ ግን ወረቀት ላይ አለ። ሀብት አስመዝግበው ከሆነ ደግሞ በአዋጅ 668/2002 ያስመዘገቡትን ማየት የሚችለው አካል ያየዋል። አንቺ በግልሽ እንዳትቆፍሪ።

መልስ፦ ቃለ ጉባኤ

የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ብዙ ውሳኔ የሚሻረው ሰውየው ንጹህ ስለሆነ አይደለም፤ ሥርዓቱ ስለተዘለለ ነው። የዲሲፕሊን ክስ እንዴት እንደሚታይ የሚደነግገውን ደንብ ቁጥር 77/1994ን አንብቢው። ክሱ በጽሑፍ ይድረሰው፣ መልስ ይስጥ፣ ምስክር ያሰማ፣ ቃለ ጉባኤው ይፈረም። ክሱን ስትጽፉ "በሙስና ስለሚጠረጠር" አትበሉ። መቼ፣ የትኛው ፋይል ላይ፣ ከማን፣ ምን ጠየቀ? ይህን መጻፍ ካልቻላችሁ ገና አልደረሳችሁም።

ሌላ፣ በ2017 አዋጅ 1064/2010ን የተካ አዲስ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ጸድቋል። ድሮ የተቀመጠ ቅጂ ይዘሽ አንቀጽ እንዳትጠቅሺ። የትኛው አዋጅ እንደሚሠራ ለመለየት ጥፋቱ የተፈጸመበትን ቀንም እዪ።

ጥያቄ፦ ማህደር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ቀረኝ። ወንጀልም ሊሆን ስለሚችል ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ እስኪጨርሱ የዲሲፕሊኑን እናቆየው?

መልስ፦ ሕግ አዋቂው

መጠበቅ የለባችሁም። የዲሲፕሊን እርምጃ ከወንጀሉ ክስ ተለይቶ በራሱ መንገድ ይሄዳል። ወንጀሉ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ 881/2007 ይታያል፤ እሱን ለሚመለከተው አካል አስተላልፉ። ኦሪጅናል ሰነድ ስትሰጡ ግን የተረጋገጠ ኮፒ አስቀሩ፣ በፊርማም አስረክቡ።

መልስ፦ ጡረተኛው ኦዲተር

ኃላፊውም በቃል "ተይው፣ ዝም ብለሽ ጻፊ" ካለሽ፣ ትእዛዙን በደብዳቤ እንዲሰጥሽ ጠይቂው። በደብዳቤ ሲባል ብዙ ሰው ሐሳቡን ይቀይራል።