የመከላከያ አምባሩ ሚዛን አልይዝ አለኝ፦ +5 ኤሲ ይቆይ ወይስ ጉዳት ይቀንስ?

ሰላም ለሁላችሁ። በዳይ ለሚጫወቱት የሚና ጨዋታ ለዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ 5ኛ እትም በምሠራው አስማታዊ አምባር ላይ እርዳታችሁን እፈልጋለሁ። የምታጠልቀው 5ኛ ደረጃ ተዋጊ ናት፤ ሙሉ የብረት ጥሩርና ጋሻ ስላላት ኤሲዋ (ጥቃት እንዲያገኛት መድረስ ያለበት ቁጥር) 20 ነው።

ረቂቁ እንዲህ ነው፦ አምባሩ 3 ቻርጅ (ኃይሉን የሚጠቀሙበት ብዛት) አለው፣ ጎህ ሲቀድ 1ዲ3 (የአንድ ባለ 3 ውጤት ዳይ ቁጥር ያህል) ይመለስለታል። ጥቃት ሲያገኛት በሪአክሽን (በዙር አንዴ በሚፈቀድ ፈጣን ምላሽ) 1 ቻርጅ አውጥታ እስከ ቀጣዩ ተራዋ መጀመሪያ +5 ኤሲ ታገኛለች፤ ያገኛትን ጥቃት ጨምሮ።

ስሌቱ ላይ ተጣበቅኩ። በጥቃቱ ላይ +7 የሚደምር ጭራቅ ኤሲ 20ን ለመምታት በባለ 20 ጎን ዳይ 13 እና ከዚያ በላይ መጣል አለበት፤ ዕድሉ 40 በመቶ ነው። ኤሲ 25 ሲሆን 15 በመቶ ብቻ ይቀርለታል። ጭራቁን ወደ +10 ባሳድገው ደግሞ ከጎኗ ያለው ኤሲ 14 ጠንቋይ 85 በመቶ ይመታል፤ አምባሩን ያላጠለቀው ሰው ነው የሚቀጣው።

አማራጩ ኤሲውን ትቶ ከአንድ ምት ጉዳት 1ዲ10 እና የፕሮፊሸንሲ ቦነሷን (በደረጃዋ የምታገኘው ጭማሪ፣ +3) መቀነስ ነው፤ አማካዩ 8.5 ይሆናል። ጭራቁ ሁለቴ ሲመታ አንዱን ብቻ ስለሚነካ ይህን እመርጣለሁ። ነገር ግን በቀን አንድ ውጊያ ብቻ ካለ ሦስቱም ቻርጅ እዚያው ይወጣሉ፤ በሦስት ዙር 25.5 ጉዳት ማለት ነው።

ቻርጁን ወደ 2 ላውርደው? +1 ኤሲ የሚሰጠው የመከላከያ ካባ እንኳ ከሦስቱ የመተሳሰሪያ ቦታዎች (አንድ ተጫዋች ከአስማታዊ ዕቃዎች ጋር የሚተሳሰርባቸው) አንዱን ይወስዳል፤ ለዚህኛውስ ያ ብቻ በቂ ዋጋ ነው?