የገንዳው ደረጃ አልሰጥምም አለኝ፣ ምን ልጫንበት?

እርጥብ እግር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከመሬት በላይ የሚቆም፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር የሆነ መዋኛ ገንዳ አለን። ለመግቢያ ብለን የገዛነው ደረጃ ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ሰፋ ያለ ባለ አራት እርከን ነው። ገንዳው ውስጥ ሳስገባው እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። ስረግጠው ይወርዳል፣ እግሬን ሳነሳ ተመልሶ ብቅ ይላል። ትናንት ልጄ ሦስተኛው እርከን ላይ ቆማ ወደ ገንዳው መሃል ስትንጠራራ ደረጃው በግድግዳው በኩል ብድግ ብሎ ዘመም አለ። እሷ ሳቀች፣ እኔ ግን ልቤ ቀጥ አለች።

እስካሁን ሁለት ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ውሃ ሞልቼ ከሥሩ አስሬያለሁ። ምንም ለውጥ የለም፣ እንዲያውም ጄሪካኖቹ ራሳቸው አብረውት ይዋኛሉ። ከዚያ ብሎኬት ልጨምርበት ስል ባለቤቴ «የገንዳውን ላስቲክ ትቀድጂዋለሽ» ብሎ ከለከለኝ። መመሪያው ላይ «ክብደት ይጨመርበት» ይላል፣ በቃ። ምን ዓይነት ክብደት? ስንት ኪሎ? እሱን ዝም። ከታችኛው እርከን ሥር ከረጢት የሚቀመጥበት የሚመስል መደርደሪያ አለው። የሞከራችሁ ካላችሁ እስኪ ንገሩኝ።

ቀስ በል፦

እህቴ፣ ጄሪካኑ ያልሠራው ውሃ ውሃ ውስጥ ስለማይከብድ ነው። ከጉድጓድ በባልዲ የቀዳ ሰው ያውቀዋል። ባልዲው ጢም ብሎ ሞልቶም ቢሆን ውሃው ውስጥ እስካለ ድረስ ገመዱ ቀላል ነው፣ ክንድ የሚፈትነው ከውሃው ከወጣ በኋላ ነው። አንቺም ያሰርሽው ያንኑ ነው። ጄሪካኑ አፍ ላይ የቀረችው ትንሽ አየር ደግሞ ጭራሽ ወደ ላይ ትገፋለች።

ክብደት ከመፈለግሽ በፊት ግን አየሩን ፈልጊ። የእነዚህ ደረጃዎች ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊኤትሊን ነው። ከውሃ የሚቀለው በጥቂቱ ነው፣ አንዱ ሊትር 0.95 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ደረጃው 15 ኪሎ ነው ብንል ፕላስቲኩ ብቻውን ወደ ላይ የሚገፋው አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ጀልባ ያደረገብሽ እርከኖቹ ሥር የታፈነው አየር ነው። አንድ ሊትር አየር አንድ ኪሎ ያነሳል። 20 ሊትር ታፍኖ ከቀረ የመጀመሪያው 20 ኪሎ ጭነትሽ ከአየሩ ጋር ሲታገል ያልቃል፣ ደረጃውን የሚያረጋጋው ከዚያ በኋላ የምትጨምሪው ነው።

ስለዚህ ደረጃውን በጎኑ አጋድመሽ አስገቢው። ቡልቅ ቡልቅ እያለ አየሩን ሲተፋ ታዪዋለሽ። ወደ ሌላው ጎን ገልብጪው፣ እንደገና ይተፋል። ቡልቅታው ሲያቆም ቀስ ብለሽ አቁሚው። ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው፣ ብቻሽን አትታገይው።

ትራፓኖ፦

ቀስ በል ያለው ትክክል ነው። አጋድመሽው፣ ገልብጠሽውም አየር የሚያፍን እርከን ካለ ግን መብሳት ነው። ደረጃው ቆሞ እያለ ከሥሩ ሲታይ ከፍ የሚለውን ቦታ ፈልጊ፣ አየሩ የሚደበቀው እዚያ ነው። 10 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይበቃል። ዙሪያውን የተዘጋ እርከን ከሆነ ከላይ ለአየሩ መውጫ፣ ከታች ለውሃው መግቢያ ያስፈልገዋል። ከታች ብቻ ብትበሺው ጠርሙስን አፉን ደፍቶ ውሃ ውስጥ እንደመንከር ነው፣ አየሩ የትም አይሄድም። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺው፣ አለበለዚያ የሰው እግር ይልጣል። ዕቃው ዋስትና ካለው ደግሞ ከመብሳትሽ በፊት ወረቀቱን አንብቢ።

ጄሪካኖቹን አትጣያቸው፣ አሸዋ ሙዪባቸው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ደረቅ አሸዋ ብትሞዪው 8 ኪሎ ገደማ ይይዛል። ክዳኑን ዘግተሽ ገንዳ ውስጥ ስታስገቢው ግን የሚቀርልሽ 3 ኪሎ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ጄሪካኑ የ5 ሊትር ውሃ ቦታ ይዟል። በአሸዋው ፍሬ መሃል ያለው አየር ደግሞ ወደ 2 ሊትር ይጠጋል። አሸዋው ላይ ውሃ ቀስ እያደረግሽ አፍስሺበት፣ ነቅንቂው፣ አረፋው እስኪያቆም ድረስ ጨምሪ፣ ከዚያ ዝጊው። አሁን ውሃ ውስጥ 5 ኪሎ ይሆንልሻል። ያው ጄሪካን፣ ያው አሸዋ፣ 2 ኪሎ ትርፍ።

ሁለቱ ጄሪካን ብቻቸውን ግን አይበቁም። የኔ ደረጃ ቀጥ ብሎ የቆመው 50 ኪሎ አሸዋ ከበላ በኋላ ነው። 50 ኪሎ ብዬ ስናገር ሚዛን ላይ ነው፣ ውሃ ውስጥ የሚቀረው 31 ኪሎ ገደማ ነው።

እርጥብ እግር፦

ኧረ እናንተ ሰዎች! ባልዲዋን ስታነሱ ነው የገባኝ። ልጅ ሆኜ ስንቴ ቀድቻለሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ለምን እንደሆነ አስቤው አላውቅም።

ታዲያ አሸዋው በምን ይገባ? ጆንያ ይሆናል?

ብሎኬት ይበቃል፦

ሰው ነገር ማክበድ ይወዳል። እኔ አራት ብሎኬት በአሮጌ ፎጣ ጠቅልዬ ከሥሩ አስቀመጥኩ፣ ሁለት ዓመት ሆነው፣ ማንም አልወደቀ፣ ምንም አልተቀደደ። አሸዋ ስታጥቢ፣ ጄሪካን ስትነቀንቂ ከምትውዪ ብሎኬቱን አስገቢና ዋኚ።

ሰማያዊ ውሃ፦

ወንድሜ ብሎኬት ይበቃል፣ ፎጣው እስኪበሰብስ ነው። ክሎሪን ያለበት ውሃ ጨርቅ ይበላል። እኔም እንዳንተው በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬ ነበር። ውሃው በየቀኑ አንድ ጣት ያህል ሲቀንስ «ፀሐዩ ነው፣ ትነት ነው» እያልኩ ስሞላ ከረምኩ። መጨረሻ ላይ ደረጃውን ሳወጣ ጨርቁ ላልቶ የብሎኬቱ ማዕዘን ላስቲኩ ላይ ቁጭ ብሏል። ሰው በረገጠ ቁጥር ሲፍቀው፣ ሲፍቀው ቆይቶ ቀዳዳው የአውራ ጣት ጥፍር አክሏል። ላስቲኩ እኮ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው! ከሥሩ ያለው አሸዋ በፈሰሰው ውሃ ተጠርጎ ወለሉ ጎድጉዷል። ውሃው በሙሉ ተደፍቶ ነው የተጠገነው።

ሌላው ጣጣ ሲሚንቶ ኖራውን ለውሃው ቀስ በቀስ መስጠቱ ነው። በተለይ አዲስ ብሎኬት ከሆነ ፒኤቹን (ውሃው አሲድ ወይም አልካላይ መሆኑ የሚለካበትን ቁጥር) ወደ ላይ ይዞት ይወጣል። ከ7.2 እስከ 7.8 መሃል ላይ ልታቆየው ትፈልጋለህ፣ እሱ ግን ሽቅብ ይጎትትሃል፣ ፒኤች ሲወጣ ደግሞ ክሎሪኑ ይሰንፋል። አሲድ ጨምሬ ጨምሬ ሰለቸኝ።

ብረት የምታስቡም ካላችሁ ተዉት። ውሃ ውስጥ ከሁሉም የተሻለ ይከብዳል፣ ከ50 ኪሎ ብረት ወደ 43 ኪሎ ይቀርላችኋል። ግን ይዝጋል። ላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ የስፖርት ክብደት እንኳ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ አለቀለት። የዝገቱ ቡናማ ክብ ላስቲኩ ላይ ታትሞ ይቀራል፣ ብትፈትጉት አይለቅም።

ለጆንያው ጥያቄ፦ የቃጫ ጆንያ አይሆንም፣ ይበሰብሳል። ማዳበሪያ የሚባለው የተሸመነው የፕላስቲክ ከረጢት ይሻላል፣ እሱም ግን ፀሐይ ሲበዛበት ይፈረፈራል፣ ስለዚህ ድርብ አድርጊው። አሸዋው የታጠበ ይሁን፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ታጥቦ። ካልታጠበ ገንዳሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ የወንዝ ጎርፍ ይመስላል። ከረጢቱ ከተቀደደ ደግሞ አሸዋው ፓምፑ ውስጥ ገብቶ ያንገራግጨዋል።

ቀስ በል፦

ለዚህ ነው እኔ ደቃቅ ጠጠር የምመርጠው። ከረጢቱ ቢቀደድ እንኳ መሬት ላይ ይቀራል፣ በእጅ ይለቀማል። ክብደቱም ከአሸዋ አይተናነስም። ጠጠሩን ግን ፈትኚው፣ ሁለት ሦስት ፍሬ ላይ ሆምጣጤ ጠብ አድርጊበት። ካፏጨና አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነው፣ እሱም እንደ ሲሚንቶው ፒኤችሽን ያናውጠዋል። ዝም ካለ አስገቢው። ሹል ጠርዝ ያለው የተፈጨ ጠጠር ሳይሆን ክብ ክቡ ይሁን።

የሦስት ልጆች እናት፦

ሁላችሁም ስለ ኪሎ ታወራላችሁ፣ ልጅቷ ወደ ገንዳው ስትንጠራራ ደረጃው ተነሳ ያለችውን ማን አየላት? የተነሳው በግድግዳው በኩል ነው፣ ስለዚህ ክብደቱ የሚቀመጠው ከታች ሆኖ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ነው። መሃል ላይ ብትከምሪው ያው ኪሎ ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራልሽ። ከላይ ደግሞ ከገንዳው ጠርዝ ጋር የሚያያዝበት ብሎን ወይም ማሰሪያ ካለው አጥብቂው። እኛ ቤት አሸዋው ብቻውን አልበቃንም ነበር፣ ቀጥ ያለው ከላይ ሲታሰር ነው።

ይኼን ደግሞ በደንብ ስሚኝ። የደረጃው ጎንና ጀርባ ክፍት ከሆነ ልጅ ጠልቆ ይገባበታል። ልጆች ደግሞ መሹለክ ይወዳሉ። በደረጃውና በግድግዳው መሃል የልጅ ጭንቅላት የሚገባበት ክፍተት እንዳይኖር። አንዳንዱ ደረጃ ለብቻው የሚሸጥ የጎን መዝጊያ አለው፣ ውሃ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው። ከሌለው የኔ ምክር ደረጃውን በሌላ ለውጪው ነው። ዋና ሲያበቃ የውጪውን መሰላል አንሱት፣ የተረጋጋ ደረጃ ለትንሽ ልጅ ግብዣ ነው።

እርጥብ እግር፦

እሺ፣ ዛሬ ሙሉ ቀን ይኼን ስንሠራ ዋልን። ጎኑ የተዘጋ ነው፣ ትንንሽ መስኮቶች አሉት፣ ጡጫዬ አይገባም። የጀርባውን ክፍተት ለካሁት፣ ሁለት ጣት ነው።

መጀመሪያ ስናጋድመው የወጣው አየር! ባለቤቴ «ጉማሬ አስገብተሻል እንዴ» አለኝ። አየሩ ከወጣ በኋላ ምንም ሳንጭንበት ራሱ ግማሽ ድረስ ሰጠመ፣ ማመን አቃተኝ። ከዚያ 10 ኪሎ 10 ኪሎ አድርገን አራት ከረጢት ጠጠር ሞላን፣ ሁለቱ ጄሪካኖች ደግሞ አሸዋና ውሃ። ሆምጣጤውን ሞከርኩ፣ ጠጠሩ ዝም አለ። ከረጢቶቹን ትንንሽ ያደረግናቸው ሲወጡ እንዳያስቸግሩን ነው፣ እያንዳንዳቸው አንገት ላይም የናይለን ገመድ አስረናል። ከደረጃው እግር ሥር የዚያኑ የገንዳ ላስቲክ ቁራጭ አነጠፍን። ከማንጠፋችን በፊት መሬቱን በመዳፌ ዳሰስኩት፣ አንዲት የጤፍ ፍሬ የምታህል ጠጠር አገኘሁ፣ እሷ ነበረች ነገ የምትበሳን።

አሁን ላዩ ላይ ዘለልኩበት፣ ንቅንቅ የለም። ግን አንድ ጥያቄ፣ ይኼን ሁሉ ጭኜ መቼም አላወጣውም፣ ችግር አለው?

ሰማያዊ ውሃ፦

አለው። ከጀርባውና ከሥሩ ያለው ውሃ አይዘዋወርም፣ ክሎሪኑ እዚያ ቶሎ ያልቃል። አረንጓዴ የአልጌ ሽበት የሚጀምረው ከዚያ ነው፣ ቀሪው ገንዳ ጥርት ብሎ እያለ። የፓምፑን መመለሻ አፍ ወደ ደረጃው አዙሪው። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ከረጢቶቹን አውጥተሽ ጀርባውን በብሩሽ እሺው፣ እግረ መንገድሽን የላስቲኩን ጤንነት ታያለሽ። ውሃ የሚረጋ በረዶ ያለበት ቦታ ከሆንሽ ደግሞ ከብርዱ በፊት ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ ውስጡ የቀረ ውሃ ሲረጋ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል።

እርጥብ እግር፦

ገባኝ። ሁለተኛው እርከን ሲረገጥ አሁንም ትንሽ ቡልቅ ይላል። ቅዳሜ ገብቼ እበሳዋለሁ።

ትራፓኖ፦

ገብቼ? ደረጃውን አውጥተሽ፣ ደረቅ መሬት ላይ አድርገሽ ነው እንጂ! የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ይዘሽ ገንዳው አጠገብ እንዳላይሽ።