ለሕፃኗም ለአዋቂዋም የሚሆን የሴት ልጅ ስም ብታማክሩኝ

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከአምስት ሳምንት በፊት የመጀመሪያ ልጃችንን በሰላም ተገላግያለሁ፤ ሴት ናት። እስካሁን ስም ስላላወጣንላት ቤተሰቡ ሁሉ «ሚሚ» እያለ ይጠራታል። ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ልደቷንም በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ስላለብን ጊዜው እየተቃረበ ነው። አማቴ «ሚሚን አጽድቁትና ዕረፉ» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ የአያቴ ስም አስናቀች እንዲወጣላት ትፈልጋለች። እኔ የያዝኳቸው ሕይወት፣ መዓዛ እና ሶልያና የሚሉትን ነው። የባለቤቴ ስም ታደሰ ነው። የምናወጣላት ስም በእቅፌ ላለችው ሕፃን ብቻ ሳይሆን፣ ነገ ዳኛ ወይም ሐኪም፣ ከዚያም አያት ለምትሆነው ሴት ጭምር እንዲስማማ እፈልጋለሁ። እንዴት መምረጥ ይሻለናል?

መልስ (መምህር፣ ጎንደር)

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ጥያቄሽ ከሌላው አገር ይልቅ በእኛ አገር የሚከብድበት ምክንያት አለ። በእኛ ልማድ የቤተሰብ ስም የለም፤ ሴት ልጅ ስታገባም ስሟን አትለውጥም። ስለዚህ በክብር ስትጠራ ማዕረጉ የሚቀመጠው ከራሷ ስም ፊት ነው፤ ልጅሽ ስታድግ «ወይዘሮ ሕይወት» እንጂ «ወይዘሮ ታደሰ» አትባልም። ማዕረግ ከቤተሰብ ስም ጋር በሚሄድበት አገር የልጅነት ስም ከኋላው ሊከለል ይችላል፤ የእኛ ግን መከለያ የለውም። ስሙን ከመወሰናችሁ በፊት እትዬ፣ ወይዘሮ፣ ዶክተር፣ እማማ በሚሉት ቃላት አስቀድማችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ጥሩት። «እማማ መዓዛ» ሲባል ጆሮ ይቀበለዋል፤ «ዳኛ ሚሚ» ሲባል ግን እኔ በበኩሌ እቸገራለሁ።

በማስተምርበት ጊዜ ያጋጠመኝን ልጨምር። አንዲት ተማሪ ትምህርት ቤት ስትገባ ያስመዘገቧት በቤት ስሟ ነበር፤ የልደት ወረቀቷ ላይ የሰፈረው ግን ሌላ ስም ነው። ለብሔራዊ ፈተና ስትመዘገብ ሁለቱ አልገጥም ብለው፣ ማጥናት በሚገባት ወራት አባቷን አስከትላ ከቢሮ ቢሮ ስትመላለስ አየሁ። የቤት ስም በቤት ይቅር፤ በወረቀት ላይ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ስም ብቻ ይግባ።

መልስ (የሦስት ሴቶች ልጆች እናት፣ ደብረ ብርሃን)

ስለ አያትሽ ስም ልናገር። አስናቀች፣ አበበች፣ በለጠች የሚሉት ስሞች በራሳቸው ሙሉ ዐረፍተ ነገር ናቸው፤ ጥሩነሽና ወርቅነሽ ደግሞ ልጅቱን ፊት ለፊት የሚያናግሩ ናቸው። ዛሬ የእናቶቻችን ስም መስለው ስለሚሰሙ ወጣት ወላጆች ይሸሿቸዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የአዋቂ ሴት ክብር ያለባቸው እነዚህ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ቢሆንም አስናቀች የሚባሉ እኩዮች በክፍሏ ላታገኝ ትችላለችና፣ መካከለኛውን መንገድ ከፈለጋችሁ ግልጽ ትርጉም ያላቸው፣ ለሁሉም ዕድሜ የሚሆኑ ስሞች አሉ፤ መሠረት፣ ሕሊና፣ መዓዛ፣ ማኅሌት፣ ትዕግሥት። በ2011 ዓ.ም. ሣህለወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር፣ መዓዛ አሸናፊም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ፣ ሁለቱም ስሞች ከማዕረጉ ጋር አብረው የተፈጠሩ ይመስሉ ነበር። በምርጫ ፓርላማ የገቡት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ስንዱ ገብሩም ስማቸው አጭር ነው፤ ክብደቱ ግን አያንስም። ረጅም ስም ከመረጣችሁ አይጨንቃችሁ፤ መሠረት መሲ፣ ትዕግሥት ቲጂ፣ ማኅሌት ማሂ እየተባሉ ማደጋቸው አይቀርም። ሙሉው ስም እስክታድግለት ድረስ ይጠብቃታል።

መልስ (ከደሴ)

እንኳን ደስ ያለሽ፣ እኅቴ። በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ስም በሰባተኛው ቀን ስለ ልጁ መወለድ ከሚታረደው ከዐቂቃው ጋር ስለሚወጣ እንዲህ ረጅም ጊዜ አናስብበትም፤ ኸዲጃ፣ ዘይነብ፣ ፋጡማ የሚሉት ስሞችም ለአራስ ልጅም ለአያትም እኩል ሲያገለግሉ ኖረዋል። ከመምህሩ ሐሳብ ግን በአንድ ነገር እለያለሁ። ማሚቱ ጋሼን አስቡ። በልጅ እግራቸው ፌስቱላ በሚባለው የወሊድ ጉዳት ታካሚ ሆነው አዲስ አበባ ሆስፒታል ገብተው፣ ከሐኪሞቻቸው ሠልጥነው ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ባለሙያ ሆኑ፤ ስማቸው የቁልምጫ ስም ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ያንን ስም አቅልሎ የሚጠራ ሰው አላውቅም። ስለዚህ አማትሽን «ሚሚ አይሆንም» ስትያቸው፣ ስሙን እንደ ውርደት ቆጥረሽ እንዳይመስላቸው በለዘበ አንደበት ንገሪያቸው።

መልስ (ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)

በውጭ አገር ልትኖር ወይም ልትማር ትችላለች ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ስሙ በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ዛሬውኑ ወስኑ። ሕይወት የሚባሉ ሦስት ሴቶች አውቃለሁ፤ ሦስቱም የሚጽፉት በተለያየ ፊደል ነው፤ አንዷማ ፓስፖርቷና ዲፕሎማዋ ሳይስማሙባት ብዙ ተቸግራለች። እዚህ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚቆጠር፣ ልጅሽ በመሥሪያ ቤት በአባቷ ስም መጠራቷ አይቀርም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ስሞቹን በመምህሩ ምክር መሠረት ጮክ ብለን ጠራናቸው። ሶልያና ድምፁ ደስ ቢለኝም፣ ትርጉሙን ስትጠይቀኝ በሙሉ ልብ የምነግራት ነገር ስለሌለኝ ተውኩት። መዓዛና ሕይወት እኩል ቆመው ሳለ ባለቤቴ የራሱን ስም አስከትሎ «ሕይወት ታደሰ» ሲል ሁለታችንም ዝም አልን፤ የልጅና የአባት ስም አንድ ላይ ገጥሞ ሐሳብ ሲሰጥ ከዚያ በላይ መፈለግ አላስፈለገንም። እናቴ በአስናቀች ትጥራት፤ አማቴም በሚሚ ይጥሯት፤ ለሁለቱም ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ መምህር፣ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው በየትኛው «ህ» ነው?

መልስ (መምህር፣ ጎንደር)

ግዕዙ በሐመሩ ሐ ስለሆነ «ሕይወት» ተብሎ ይጻፍ። መዝጋቢው በሃሌታው ሀ ጽፎት እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ተመልከቱ፤ የክርስትናው ካርድ ላይም በተመሳሳይ ፊደል ይጻፍላት።